ቶኒካዋ ሲዝን 2፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አዲሶቹ ተጋቢዎች፣ ስለ ናሳና ትሱካሳ፣ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አድርጌ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ቶኒካዋ ምንድን ነው?

የጃፓን ሮማንቲክ ኮሜዲ አኒሜ (የካርቱን ፊልም) ነው። የጃፓንኛ ስሙ ቶኒካኩ ካዋይ ነው። ለውጭ ተመልካች የወጣው ደግሞ «ቶኒካዋ፦ ኦቨር ዘ ሙን ፎር ዩ» ተብሎ ነው። ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ስትፈልጉት ግራ እንዳይገባችሁ።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። ናሳ የሚባል ጎበዝ ተማሪ በረዶ በሚጥልበት ምሽት ከመንገዱ ማዶ አንዲት ልጅ ያያል። ዓይኑን ከእሷ መንቀል አቅቶት ሲሻገር የጭነት መኪና ይገጨዋል። ሕይወቱን የምታተርፈው ያችው ልጅ፣ ትሱካሳ፣ ናት። ከዚያ ትታው መንገዷን ትቀጥላለች። እሱ ግን በዚያ ቁስሉ፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ ይከተላታል፤ ይደርስባታል፤ እንደወደዳትም ይነግራታል። «ካገባኸኝ እሺ» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ደብዛዋ ይጠፋል። 18 ዓመት ሲሞላው የጋብቻ ፎርም ይዛ ቤቱ ከች ትላለች።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በመጀመሪያው ክፍል ነው። ሌላው የፍቅር አኒሜ «ይነግራት ይሆን? እሺ ትለው ይሆን?» እያለ ሲዝኑን ሙሉ ያንጠለጥለናል። ቶኒካዋ ያንን ጣጣ በ20 ደቂቃ ጨርሶ ከጋብቻ በኋላ ያለውን ኑሮ ማሳየት ይጀምራል።

ሲዝን 2 መቼ ወጣ? ስንት ክፍል አለው?

በፈረንጆች አቆጣጠር ከሚያዝያ 8 ቀን 2023 እስከ ሰኔ 24 ቀን 2023 ድረስ በየሳምንቱ ቅዳሜ ታየ። 12 ክፍል ነው። ሲዝን 1 ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ 2020 የወጣ ሲሆን እሱም 12 ክፍል ነው። አንዱ ክፍል ከመግቢያና ከመዝጊያ ዘፈኑ ጋር 24 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ አንድ ሲዝን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃል ማለት ነው።

ሲዝን 1ን ሳላይ ከ2 ብጀምርስ?

አይሆንም ብዬ አልከለክላችሁም፣ ግን አታድርጉት። ሲዝን 2 ሰዎቹን ከዜሮ አያስተዋውቃችሁም። ባልና ሚስቱ ለምን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ያለው ቤተሰብ ግቢ ውስጥ እንደሚኖሩ (የድሮ ቤታቸው ተቃጥሎ ነው)፣ አሪሱጋዋ የሚባሉት እህትማማቾች እነማን እንደሆኑ፣ ቺቶሴ የምትባለው ልጅ መጀመሪያ ላይ ለምን ልታለያያቸው ትሯሯጥ እንደነበር፣ ሁሉም ያለው ሲዝን 1 ላይ ነው።

ከታሪኩም በላይ ሌላ ምክንያት አለ። ሲዝን 1 ላይ እጅ ለመያያዝ ምን ያህል ይጨነቁ እንደነበር ካላያችሁ፣ ሲዝን 2 ላይ ያለው መቀራረብ ተራ ነገር ይመስላችኋል። ያንን ለውጥ ማየት ነው ዋናው ደስታ።

በመሀል የወጡ ልዩ ክፍሎች አሉ ይባላል። በምን ቅደም ተከተል ልያቸው?

እንደ አወጣጣቸው እዩአቸው። መጀመሪያ ሲዝን 1። ቀጥሎ በነሐሴ 2021 የወጣው «ኤስኤንኤስ» የሚባለው አንድ ክፍል አለ። ከዚያ በኅዳር 22 ቀን 2022 የወጣው የዩኒፎርሙ ክፍል ይመጣል። ቀኑ እንዲያው የተመረጠ አይደለም፤ ኅዳር 22 ጃፓን ውስጥ የባለትዳሮች ቀን ተብሎ የሚታወቅ ነው። ከዚያ ሲዝን 2። በመጨረሻ በሐምሌ 2023 የወጣው ባለ 4 ክፍሉ፣ ናሳ ሊያስተምር የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገባበት።

ጊዜ ካጠራችሁ ሁለቱን ነጠላ ክፍሎች ብትዘሉ ታሪኩ አይቆረጥባችሁም። ባለ 4 ክፍሉን ግን አትዝለሉት። ብዙ ሰው ሲዝን 2 12ኛው ክፍል ላይ አለቀ ብሎ ይዘጋዋል፤ እንዳለ እንኳ አይሰማም።

የት ይገኛል? በጃፓንኛ ይሻላል ወይስ በእንግሊዝኛ ድምፅ?

ሁለቱንም ሲዝን ለውጭ ተመልካች ያቀረበው ክራንቺሮል የሚባለው የአኒሜ ማሳያ ድረ ገጽ ነው። የእንግሊዝኛ ሰብታይትልም የእንግሊዝኛ ድምፅም አለው። በአማርኛ አልተተረጎመም።

እኔን ከጠየቃችሁ በጃፓንኛው እዩት። የትሱካሳ ድምፅ አካሪ ኪቶ ናት፣ ዲመን ስሌየር በሚባለው ሌላ አኒሜ ነዙኮን የተጫወተችው። እዚያ በአብዛኛው ስታጉረመርም የሰማችኋት ልጅ እዚህ ስትናገር፣ ስትቀልድና ስትቆጣ ትሰሟታላችሁ። ናሳን የሚጫወተው ጁንያ ኤኖኪ ደግሞ የጁጁትሱ ካይሰን ዩጂ ኢታዶሪ ነው። ናሳ በውስጡ የሚያወራውን ያንን ረጅም ወሬ ያለ እረፍት ሲያንበለብለው እንግሊዝኛው ላይ ያንን ፍጥነት አላገኘሁትም።

ልጁ ለምን ናሳ ተባለ? የጠፈሩ ድርጅት ነው?

አዎ፣ አነባበቡ ያው ነው። ስሙ የተጻፈበት የጃፓን ፊደል በኮከብ ያሸበረቀ ሰማይ የሚል ነው፤ ወላጆቹ ግን ናሳ ተብሎ እንዲነበብ አድርገው አወጡለት። ልጁ በስሙ ሲሳለቁበት ነው ያደገው። እናም ስሙ ራሱ በእሱ እስኪጠራ ድረስ ትልቅ ሰው እሆናለሁ ብሎ እልህ ተጋባ፣ ሌት ተቀን አጠና፣ ክፍሉን እየመራ መጣ። ከዚያ ያ አደጋ ደረሰበት፣ ሁለተኛ ደረጃ ሳይገባ ቀረ፣ ሥራ ጀመረ። ለእልህ ይማር የነበረ ልጅ አሁን ለቤት ኪራይና ለሁለት ሰው ቀለብ የሚሠራ ሆነ፤ ደግሞም ደስተኛ ነው። ሲዝን 2ን ስታዩ ይህን ያዙልኝ።

ሳይተዋወቁ እንዴት በአንድ ምሽት ይጋባሉ? የጃፓን ሕግ ይፈቅዳል?

ምሽቱ የተጋነነ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ጋብቻ ማለት በሕግ ዓይን የወረቀት ጉዳይ ነው። ድግሱ፣ ቬሎው፣ ሥርዓቱ የራሳችሁ ምርጫ ነው፤ ጋብቻውን የሚያጸናው ፎርሙን ሞልቶ ለአካባቢው አስተዳደር ማስገባት ነው። ሁለት ለአካለ መጠን የደረሱ ምስክሮች ይፈርሙበታል። የአስተዳደር ቢሮዎቹም ይህን ፎርም ከሥራ ሰዓት ውጭና በበዓል ቀን ጭምር ይቀበላሉ። ስለዚህ ሁለት ሰው ማታ ተነስቶ ሄዶ ባልና ሚስት ሆኖ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

የዕድሜው ነገር ግን ተለውጧል። ማንጋው (አኒሜው የተሠራበት የጃፓን ሥዕላዊ መጽሐፍ) ሲጀመርም ሲዝን 1 ሲታይም የጃፓን ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 16 ዓመት ይል ነበር፣ ከ20 በታች ለሆነ ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ከሚያዝያ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ለአካለ መጠን መድረሻውም ከ20 ወደ 18 ወረደ። ትሱካሳ ስታገባ 16 ነኝ ስለምትል ታሪኩ የአሮጌው ሕግ ልጅ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ተመልካች «ይሄ እንዴት ይሆናል?» የሚለው፤ ልክ ነው፣ ዛሬ አይሆንም።

ሌላም የኛን ሰው የሚያስገርም ነገር አለ። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። የጃፓን ሕግ ግን ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ያስገድዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትለውጠው ሴቷ ናት። ትሱካሳም ትሱኩዮሚ መባሏ ቀርቶ ዩዛኪ ትሱካሳ ትሆናለች። አዲሱን ስሟን ስትሰማ ወይም ናሳ «ባለቤቴ» ብሎ ሲያስተዋውቃት ፊቷ የሚቀላው ለዚህ ነው።

ሲዝን 2ን የሠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው?

አዎ። ስቱዲዮው ሴቨን አርክስ ነው፣ ዳይሬክተሩም ሂሮሺ ኢኬሃታ። ስለዚህ የሥዕሉ መልክ ብዙም አልተለወጠም። ከትልልቆቹ የፍልሚያ አኒሜዎች ጋር አታወዳድሩት። እንቅስቃሴው ቀላል ነው፣ አንዳንድ ቦታ ሥዕሉ ቆሞ ድምፅ ብቻ የሚሄድበትም አለ። ጉልበታቸውን ያዋሉት ፊት ላይ ነው። የትሱካሳ ዓይን ሲሰፋ፣ ከንፈሯን ስታሾል፣ ፊቷን ስታዞር፣ እነዚያ ላይ አልሰሰቱም።

ማንጋውን የሚጽፈውና የሚስለው ኬንጂሮ ሃታ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በየካቲት 2018 ሳምንታዊው ሾኔን ሰንደይ መጽሔት ላይ ጀመረው። ከዚያ በፊት ለ12 ዓመት ያህል «ሃያቴ ዘ ኮምባት በትለር» የሚባል ኮሜዲ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ራሱም ያገባው የአኒሜ ድምፅ ተዋናይዋን ማሱሚ አሳኖን ነው።

ሲዝን 2 ላይ ምንም አይፈጠርም ይባላል። እውነት ነው?

በጣም ከሚደጋገሙት ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ ትንሽ ላስረዝመው።

ጠብ፣ ክህደት፣ ሦስተኛ ሰው፣ መለያየት፣ እነዚህን ከፈለጋችሁ አዎ፣ ምንም አይፈጠርም። ይበላሉ፣ መታጠቢያ ቤቱን ያግዛሉ፣ ዕቃ ይገዛሉ፣ ከጎረቤት ያወራሉ፣ ይተኛሉ። እሱ ይሠራል፣ እሷ ፊልምና ማንጋ ላይ ታፈጣለች። ሰው ሁለት ሦስት ክፍል አይቶ «እና?» ይላል።

እኔ ግን የዚህ አኒሜ ድፍረት ያለው እዚህ ነው ባይ ነኝ። የተጋቡ ሰዎችን ለማሳየት ጠብ መፍጠር ቀላሉ መንገድ ነው። ሃታ ያንን አልመረጠም። የመረጠው ከባዱን ነው፦ ሁለት ሰዎች በደህና ሲኖሩ ማሳየት፣ ያውም ሳያሰለች። እንዴት እንደሚያደርገው አስተውሉ። ናሳ ትንሽ ነገር ሲገጥመው በሂሳብ ሊፈታው ይሞክራል። ሚስቴን ልሳማት ወይስ ልጠይቃት፣ ምን ልግዛላት፣ ይህን ብላት ትቀየም ይሆን፣ እያለ በውስጡ ሙሉ ትንተና ይሰጣል። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚያደርገው ግን አንድ ነገር ነው፤ ዞሮ ይጠይቃታል። እሷም በግልጽ ትመልስለታለች። ብዙ የፍቅር ኮሜዲ የሚንቀሳቀሰው ሰዎቹ ስለማይነጋገሩ ነው፤ አንዱ የሰማውን ሌላው ሳያጣራ ስምንት ክፍል ይሄዳል። እዚህ በሁለት ደቂቃ ተነጋግረው ይጨርሱታል፣ ሳቁም የሚመጣው በግልጽ ሲነጋገሩ ከሚሰማቸው እፍረት ነው።

የሲዝን 1ን የመጀመሪያ ሌሊት አስታውሱ። ቤቱ ውስጥ ለሁለት የሚሆን ፍራሽ የለም። ሌላ አኒሜ ቢሆን አንድ ፍራሽ ላይ አስተኝቶ ቀልድ ይሠራበት ነበር። እነዚህ ሌሊት ወጥተው ፍራሽ ሊገዙ ይሄዳሉ! ሲዝን 2 የዚያ ሌሊት ጠባይ ነው በየክፍሉ ያለው፤ ችግሩን ለሁለት ይዘውት ይወጣሉ።

ቅር የሚለኝም አለ። የምናየው አብዛኛውን ጊዜ በናሳ ዓይን ነው። ትሱካሳ ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምታስብ እምብዛም አይነግሩንም፤ እሷ ደግሞ ከእሱ ይልቅ ብዙ የምትደብቀው ያላት ሰው ናት። ሲዝን 2 ያንን በር ትንሽ ከፈት ቢያደርገው ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው «ምንም የለም» ባላለ ነበር።

ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል?

በአመዛኙ አዎ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ይሳሳማሉ፣ ይተቃቀፋሉ፤ ከዚያ አያልፍም። የመታጠቢያ ቤት ትዕይንቶች ግን አሉ፣ ባይገላልጡትም። የቀልዱም ነገር አለ፤ በተለይ ካናሜ የምትባለዋ ትንሿ አሪሱጋዋ፣ ከዕድሜዋ በላይ አውቃ ለናሳ የትዳር ምክር የምትሰጠው፣ አንዳንዴ ነገሩን ወደ አልጋ ትወስደዋለች። ከወላጅ ጋር ከሆናችሁ እዚያ ላይ ክፍሉ ዝም ይላል። ለትንንሽ ልጆች አልመክረውም፣ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ግን ከብዙው አኒሜ ይሻላል።

ቺቶሴና ቶኪኮ ለትሱካሳ ምኗ ናቸው?

ቺቶሴ ካጊኖጂ የሀብታም ቤት ልጅ ናት፣ ትሱካሳን እንደ ታላቅ እህቷ ነው የምታያት። «ይሄ ከየት መጥቶ ወሰዳት» ብላ ናሳ ላይ የዘመተችው ለዚህ ነው። ሁለት የቤት ሠራተኞቿ፣ ሻርሎትና አውሮራ፣ አብረዋት ይዞራሉ።

ቶኪኮ ደግሞ ለትሱካሳ እንደ አሳዳጊ የሆኑ አሮጊት ናቸው። እኚህን ሴትዮ በደንብ ተከታተሏቸው። አሮጊቷ ልጅቷን ሲያናግሯት የድምፃቸውን ለዛ፣ የሚተያዩበትንም መንገድ ልብ በሉ። አያት ለልጅ ልጇ የምትሆነው ዓይነት ብቻ አይደለም። ናሳ ያላወቀውን እሳቸው ያውቃሉ፤ ሲዝን 2 ይህን እየደጋገመ ያሳያችኋል፣ በቃል ግን አይነግራችሁም።

ትሱካሳ ማን ናት? ሲዝን 2 ይመልሰዋል?

ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ሙሉው መልስ ያለው ማንጋው ላይ ነው፤ እዚህ አላበላሽባችሁም። ግን አኒሜው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ፍንጭ ይበትናል፣ ፍንጩን ለማንበብ አንድ የጃፓን ጥንታዊ ተረት ማወቅ ያስፈልጋል። የጃፓን ተመልካች ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ወዲያው ይገባዋል፤ እኛ ስለማናውቀው ያልፈናል።

ተረቱ የቀርከሃ ቆራጩ ተረት ይባላል፣ ከ1 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። አንድ ሽማግሌ የሚያበራ ቀርከሃ ውስጥ አንዲት ሚጢጢ ልጅ ያገኛል። ካጉያ ትባላለች። አድጋ ወደር የሌላት ቆንጆ ስትሆን አምስት መኳንንት ሊያገቧት ይመጣሉ፣ ለእያንዳንዱ የማይቻል ሥራ ሰጥታ ትመልሳቸዋለች። ንጉሠ ነገሥቱም ይወዳታል። እሷ ግን የጨረቃ ሰው ናትና ወገኖቿ መጥተው ይወስዷታል። ስትሄድ ለንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤና የማያስሞት መድኃኒት ትተውለታለች። እሱም እሷ ከሌለች ዘላለም መኖር ምን ያደርግልኛል ብሎ ለሰማይ በሚቀርበው ተራራ አናት ላይ እንዲቃጠል ያዛል። ያ ተራራ ፉጂ ነው።

አሁን ወደ አኒሜው ተመለሱ። ናሳ ትሱካሳን ያገኘበት ምሽት ላይ ጨረቃዋን እዩ። ከጋብቻ በፊት የነበራት የቤተሰብ ስም የጃፓን የጨረቃ አምላክ ስም ነው። መኪናው ከናሳ በፊት የመታው እሷን ነው፣ ቆማ ሄደች። ስለ ድሮ ነገር ስታወራ እንደ ሰማ ሰው ሳይሆን እንደነበረ ሰው ነው የምታወራው። ናሳ ይህን ሁሉ ያያል፤ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም፣ እሷ ራሷ እስክትነግረው እየጠበቀ ነው። ለኔ የሲዝን 2 ትልቁ የፍቅር ምልክት ይህ መጠበቅ ነው። በሌላ በኩል «ሚስቱን ሳያውቅ እንዴት አገባት?» የሚሉትን ሰዎች አልኮንንም፤ ጥያቄው ትክክል ነው፣ ታሪኩም ወደዚያው ነው የሚሄደው።

አኒሜው ካለቀብኝ ማንጋውን ከስንተኛው ምዕራፍ ልጀምር?

ከምዕራፍ 1። አኒሜው ምዕራፎችን እያጣመረና እየቆራረጠ ስለሚሄድ ልክ ያቆመበትን ልያዝ ብትሉ የሚያመልጣችሁ ይኖራል። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ቶሎ ትደርሱበታላችሁ። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ በእንግሊዝኛ ማንጋውን ያሳተመው ቪዝ ሚዲያ ሲሆን ርዕሱ «ፍላይ ሚ ቱ ዘ ሙን» ነው። በአኒሜው ስም ብትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ።

ሲዝን 3 አለ?

ይህን እስከጻፍኩበት ድረስ በይፋ ሲነገር አልሰማሁም። ከሲዝን 2 በኋላ የወጣው ያ ባለ 4 ክፍሉ ነው። ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ «ሲዝን 3 በዚህ ቀን ይወጣል» እያሉ ፖስተር የሚለጥፉ አሉ፤ አብዛኛው ደጋፊ የሠራው ሥዕል ነው። ከሲዝን 1 ወደ 2 ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ እንደፈጀ አስታውሱና አትቸኩሉ። እውነተኛ ዜና ከወጣ መጀመሪያ የሚያወጡት የአኒሜው ይፋዊ ገጽና ሾኔን ሰንደይ ናቸው፤ እነዚያን ተከተሉ።